በጽድና በአስታው መካከል ስለሚያልፈው የብስክሌት መንገድ፤ ለደኑ አስተዳደር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ የጥብቅ ደናችን አስተዳደር ኃላፊዎች፣
እንዲሁም በየክልሉ ብሔራዊ ፓርኮችንና ጥብቅ ደኖችን ለምትመሩ ሁሉ፣

ጉዳዩ፦ ብስክሌት ወደ ደኑ እንዳይገባ የተላለፈውን ክልከላ ይመለከታል

ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው ከደኑ ግርጌ ባለችው ከተማና ከደኑ ማዶ ባሉት ቀበሌዎች የምንኖር ብስክሌተኞች ነን። ከመካከላችን ቅዳሜና እሑድ ለስፖርት የምንነዳ አለን፤ በየቀኑ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚመላለሱ ተማሪዎች አሉ፤ የክትባት ሣጥን ከኋላቸው አስረው ዳገቱን የሚወጡ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አሉ፤ ብስክሌት በማከራየትና በመጠገን ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ ወጣቶችም አሉ። ባለፈው ጥቅምት የመጀመሪያ ሳምንት በዋናው በር ላይ «ብስክሌት ይዞ መግባት በጥብቅ የተከለከለ ነው» የሚል ወረቀት ተለጥፎ አገኘን። ወረቀቱ ማኅተም አለው፤ ቁጥርና ቀን ግን የለውም፤ ምክንያቱን የሚገልጽ አንድ መስመርም አልሰፈረበትም። ከዚያ ወዲህ ሦስት ደብዳቤ ጽፈን በመዝገብ ቤት አስፈርመን አስገብተናል። በጽሑፍ የተሰጠን መልስ የለም። በቃል የሰማነው «ከበላይ የመጣ ነው» የሚለውን ብቻ ነው። ጉዳዩን በአደባባይ ለማቅረብ የተገደድነው በዚህ ምክንያት ነው።

የደኑን ስም በዚህ ደብዳቤ ላይ አልጻፍንም። እናንተ ማን እንደሆንን ታውቃላችሁ፤ አንባቢ ግን ለምን ብሎ መጠየቁ ስለማይቀር ምክንያታችንን እንናገራለን። በር ላይ ቆመው ክልከላውን እንዲያስፈጽሙ የታዘዙት የጥበቃ ሠራተኞች ለዓመታት ከእኛ ጋር ብርዱንና ዝናቡን የተካፈሉ ሰዎች ናቸው። ከዚህ በታች ከምናነሣቸው ነገሮች አንዳንዶቹ እነርሱ በሰውነታቸው ያደረጉልን ደግነት ስለሆነ፣ በዚያ ምክንያት አንዳቸውም እንዲጠየቁብን አንፈልግም።

መንገዱን ላላየው ሰው ጥቂት እንበል። ከዋናው በር የሚነሣው የጥርጊያ መንገድ በመጀመሪያ በጽድ፣ በወይራና በዝግባ መካከል ይወጣል። እዚያ ውስጥ ረፋድ እስኪሆን ድረስ ፀሐይ መሬት አይደርስም፤ ጎማው የሚረግጠው የረገፈ ቅጠልና ጥቁር አፈር ስለሆነ ድምፅ አያሰማም፤ ጉሬዛዎቹም ብስክሌተኛ በሥራቸው ሲያልፍ ካሉበት ቅርንጫፍ አይነሡም። ከዚያ በላይ ኮሶው ይመጣል፤ ከኮሶው በላይ ደግሞ አስታው። አስታው ታችኛው ዳር ላይ ግንዱ የተጣመመ፣ ሽበት የመሰለ የድንጋይ ሽበት ከየቅርንጫፉ የተንጠለጠለበት፣ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ዛፍ ነው። ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር እያጠረ ይሄድና ጫፉ ላይ ከጉልበት የማያልፍ ቁጥቋጦ ሆኖ ከጓሳ ሣሩ ጋር ይቀላቀላል። በሚያብብበት ወቅት ጥቃቅን ነጭ አበቦቹ መንገዱን ግራና ቀኝ ስለሚዘጉት፣ በመካከሉ ያለፈ ሰው ቤቱ ሲደርስ ካልሲው ላይ ብናኙን ያገኘዋል። የተከለከልነው ይህንን መንገድ ነው፤ እንዲጠበቅም ከማንም በላይ የምንፈልገው እኛ ነን።

ከሁሉ አስቀድመን የምናነሣው የተማሪዎቹን ጉዳይ ነው። ከደኑ ማዶ ባሉት ሁለት ቀበሌዎች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የለም። በደኑ ውስጥ የሚያቋርጠው መንገድ በብስክሌት አንድ ሰዓት አይሞላም፤ ዙሪያውን በአስፋልቱ የሚሄድ ተማሪ ግን ከሁለት ሰዓት በላይ ይፈጅበታል፣ ያውም ትከሻ በሌለው ጠባብ መንገድ ላይ ከገልባጭ መኪና ጋር እየተጋፋ። ክልከላው በወጣ በሁለተኛው ሳምንት አንዲት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ከማዶው በር ላይ ተመለሰች። ቀኑ የፈተና ቀን ነበር። «እሺ፣ አልነዳም፤ እየገፋሁ ልለፍ» ብላ ለመነች። ወረቀቱ የሚለው «ይዞ መግባት» ስለሆነ መግፋትም አልተቻላትም። ብስክሌቱን በሩ አጠገብ ቡና ከሚያፈሉ እናት ዘንድ አስቀምጣ፣ ደብተሮቿን በፌስታል ጠቅልላ፣ ዳገቱንና ቁልቁለቱን በእግሯ ስትሮጥ ሄዳ ትምህርት ቤቱ ስትደርስ የሒሳብ ፈተናው ተጀምሮ ነበር። መምህሩ አዝነው አስገቧት፤ የባከነው ጊዜ ግን አልተመለሰላትም።

ይህችን ልጅ እናውቃታለን። አባቷ ብስክሌቱን የገዙላት የአንድ ዓመት ድንች ሸጠው ነው። የኋላው ዕቃ መጫኛ ላይ ደብተሯን የምታስርበት ከአሮጌ ጎማ የተቀደደ ማሰሪያ አለ፤ እርሱን የሠራላት ከማኅበራችን ጠጋኞች አንዱ ነው። ብስክሌቱ ከመገዛቱ በፊት ታላቅ እኅቷ በእግሯ ትመላለስ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ የሚማረው ፈረቃ ሲደርሳት ደኑ ውስጥ እየመሸባት፣ ጅቡንም ሰውንም እየፈራች ቆይታ ከዘጠነኛ ክፍል አቋረጠች። ክልከላውን ያወጣው ክፍል ይህን አውቆ ወስኗል ብለን ማመን አንፈልግም። ሳያውቅ የወሰነ ከሆነ ግን ሳይጠይቅ ወሰነ ማለት ነው፤ ቅሬታችንም ከዚህ ይጀምራል።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቹንም መርሳት የለብንም። የክትባት ሣጥን የያዘ ሰው በረዶው ሳይቀልጥ መድረስ አለበት። አንዷ ሠራተኛ አሁን የምትሄደው ሳምንት እየጠበቀች የገበያ ቀን በሚወጣው የጭነት መኪና ነው።

ሁለተኛው ቅሬታችን የተያዙት ብስክሌቶች ናቸው። ወረቀቱ በተለጠፈ በመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ ማስታወቂያውን ያላዩ ወይም ያላነበቡ ሰዎች ይዘዋቸው የገቡ ስምንት ብስክሌቶች ተይዘዋል። ለአንዳቸውም ሞዴል 19 የሚባለው የዕቃ መቀበያ ደረሰኝ አልተቆረጠም፤ ማን እንደወሰደው፣ በየትኛው ቀንና በምን ሁኔታ እንደወሰደው የሚያሳይ ወረቀት በባለቤቶቹ እጅ የለም። ብስክሌቶቹ ከጽሕፈት ቤቱ ጀርባ፣ ከመጋዘኑ ጣሪያ የሚወርደው ጠፈጠፍ በሚያርፍበት ቦታ በአጥር በኩል ይታያሉ። በኅዳር መጨረሻ ስናያቸው በአንደኛው ቸርኬ መካከል ሣር በቅሎ ወጥቶ ነበር፤ ካቴናው ከዝገት የተነሣ ቀለሙ ከመሬቱ አይለይም። ከስምንቱ ሦስቱ በብድርና ቁጠባ ተቋም ገንዘብ የማከራየት ሥራ የጀመረ የአንድ ወጣት ንብረት ናቸው። ብድሩ በየወሩ ይከፈላል፤ ብስክሌቶቹ ግን ቆመዋል። አንድ መሥሪያ ቤት የዜጋን ንብረት ሲይዝ የያዘበትን ሕግና የሚመልስበትን መንገድ መንገር ግዴታው ነው። እስከ ክልከላው ዋዜማ ድረስ ለእነዚሁ ብስክሌቶች የመግቢያ ትኬት ሲቆረጥ የነበረ መሆኑንም አብረን እናስታውሳለን፤ ትኬቶቹ በእጃችን አሉ።

በሦስተኛ ደረጃ የምናቀርበው ነገር በግልጽ ሲነገር ሰው የሚያስቆጣ ቢሆንም በጥንቃቄ እንጽፈዋለን። ብስክሌት በተከለከለበት በዚያው በር መኪና ይገባል። ባለ አራት ጎማ መኪኖች ለሽርሽር ይገባሉ፤ ሞተር ሳይክሎች ይገባሉ፤ ለሠርግ ፎቶ የሚመጡ አጀቦች ጄኔሬተርና የድምፅ ማጉያ ጭነው እስከ አስታው ጥግ ይወጣሉ። በጥር ወር አንድ እሑድ በቆጠርነው ብቻ አሥራ አራት መኪና ከዋናው በር በላይ ባለው ሜዳ ላይ ቆሞ ነበር፤ ሦስቱ መንገዱን ትተው ጓሳ ሣሩ ላይ ወጥተው ነበር። መኪና የሚገቡት ሰዎች ደኑን የማየት መብት የላቸውም አንልም፤ እንግዳን መከልከል ፍላጎታችን አይደለም። ክልከላው የወጣው አራዊቱን ከረብሻና አፈሩን ከጎማ ለመጠበቅ ከሆነ ግን፣ ድምፅ የሌለውና አንድ ሰው የሚሸከመው ብስክሌት ታግዶ ሁለት ቶን የሚመዝን መኪና የሚፈቀድበትን ምክንያት ማንም ሊያስረዳን አልቻለም።

አሁን ስለ ራሳችን ጥፋት እንናገራለን፤ ይህን ሳንናገር ሌላውን ብቻ ብንከስ ቃላችን ሚዛን አይደፋም። ከእኛ መካከል ጥፋት የሠሩ አሉ። ከኮሶው በላይ መንገዱ ሦስት ጊዜ በሚታጠፍበት ገደል ላይ አንዳንድ ወጣቶች መታጠፊያውን ትተው በቀጥታ ይወርዱ ነበር። በክረምት፣ አፈሩ ውኃ ጠግቦ እንደ ሊጥ በሚሆንበት ወቅት ፍሬን ይዘው ሲንሸራተቱ የኋላው ጎማ መሬቱን ያርሰዋል፤ በማግሥቱ የሚዘንበው ዝናብ ያንን መስመር ቦይ ያደርገዋል፤ በሁለተኛው ክረምት ቦዩ ክንድ ያህል ይጠልቃል። በሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ያለው የትልቁ ኮሶ ሥር በዚህ ምክንያት ከአፈሩ ወጥቶ ተራቁቶ ነበር። ይህን ያየነው እኛው ነን። ከሁለት ዓመት በፊት በግንቦት ወር ሦስት ተከታታይ ቅዳሜ ድንጋይ ተሸክመን ቦዩን ዘጋን፣ የውኃ መቀልበሻ በየአምስት ሜትሩ ሠራን፣ አቋራጩን በወደቀ አስታ አጠርነው፣ በኮሶው ሥር ላይ አፈር መለስን። በዚያው ዓመት አባሎቻችን ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስቀል ድረስ በደኑ ውስጥ ለስፖርት እንዳይነዱ በጉባኤ ወስነን አክብረነዋል፤ ተማሪዎቹ ደግሞ በክረምት ትምህርት ስለሌላቸው መንገዱ ዐርፎ ይከርም ነበር።

ክልከላው ከወጣ በኋላ ያንን የውኃ መቀልበሻ የሚጠርግ ሰው የለም። መቀልበሻ በቅጠልና በደለል ከተሞላ ውኃው ዘሎት በመንገዱ መሐል ይወርዳል። በየካቲት የዘነበው ያልተጠበቀ ዝናብ ሁለቱን ጥሷቸው እንደሄደ የጥበቃ ሠራተኞቹ ነግረውናል። እንግባና በእግራችን ሄደን እንጠግን ብለን ጠየቅን፤ አልተፈቀደም።

እ.ኤ.አ. በ1994 በአሜሪካ ሞንታና ግዛት በተራራ መንገዶች ላይ ተሠርቶ የታተመ ጥናት ፈረስና እግረኛ በጎማ ከሚሄድ ይልቅ ብዙ አፈር ለጎርፍ እንደሚያላቅቁ አግኝቷል። የሌላ አገር አፈር ስለሆነ ለእኛ አስታ የመጨረሻ ቃል ነው አንልም። ነገር ግን ጉዳቱ በምን እንደሚመጣ ሊለካ የሚችል ነገር መሆኑን ያሳያል፤ እዚህም ይለካልን ነው የምንለው። የትኛው ቁልቁለት፣ በየትኛው ወር፣ በምን ያህል ሰው እንደሚጎዳ ከታወቀ፣ የሚዘጋው ቁልቁለትና ወር ይታወቃል።

ስለ እሳትም መናገር አለብን። ከአስታ ጋር የኖረ ሰው እንደሚያውቀው፣ አስታ እርጥብ ሆኖም ይነዳል። ከተቃጠለ በኋላ ከሥሩ መልሶ ያቆጠቁጣል፤ ቃጠሎው ሲደጋገም ግን ዛፍ የመሆን ዕድል አያገኝም፣ በሥሩ የሚያድገው ኮሶም አብሮ ይጠፋል። በ2011 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ የሰሜን ተራሮች ሲቃጠሉ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች፣ ከኬንያ ደግሞ ሄሊኮፕተር እስኪመጣ ድረስ የአካባቢው ሕዝብ በቅጠልና በአፈር ሲታገል መክረሙን አገር ያውቃል። በእኛም ደን ባለፈው ዓመት መጋቢት ላይ ከጫፉ በታች ጭስ ሲነሣ መጀመሪያ ያዩት ሁለት አባሎቻችን ነበሩ። አንዱ ስልክ ወደሚሠራበት ሸንተረር ወጥቶ ሲደውል ሌላው ቁልቁል ነድቶ በሩ ላይ ደረሰ፤ የጥበቃ ሠራተኞቹና ከሠፈሩ የተጠራው ሰው ሲደርሱ እሳቱ ገና የአንድ ማሳ ስፋት ነበረው። ቅርንጫፍ ቆርጠን አብረን መታነው፤ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ጠፋ። ያንን ደን የሚጠብቁት ሠራተኞች በቁጥር ጥቂት ናቸው፣ የሚዘዋወሩትም በእግራቸው ነው። በየሳምንቱ በየመንገዱ ያልፉ የነበሩ በርካታ ዓይኖች ከጥቅምት ጀምሮ የሉም፤ የእሳቱ ወራት ግን ከጥር ጀምሮ መጥተዋል።

አንድ ነገር ብቻ እንጨምር። ከሦስት ዓመት በፊት ከአባሎቻችን አንዱ ከአስታው በታች ወድቆ የአንገቱ አጥንት ተሰበረ። ሁለት የጥበቃ ሠራተኞች ከደረቀ አስታ ሁለት ዘንግ ቆርጠው፣ በራሳቸው ጋቢ ቃሬዛ ሠርተው፣ ከእኛ ጋር እየተቀባበሉ እስከ በር ተሸክመውታል። አንደኛው ጋቢ የለበሰው ብቻ ነበረው፤ ዝናቡን በሸሚዝ ወረደ። በደኑ ውስጥ የአደጋ ጊዜ ስልክ ቁጥር የተጻፈበት አንድ ሰሌዳ እንኳ የለም፤ እስከ ዛሬ የዳንነው በእነዚህ ሰዎች ነው። ለብስክሌት የከፈልነው የትኬት ገንዘብ ለእነርሱ ካፖርትና ቦት ጫማ ቢውል ደስታችን እንደነበር ለጽሕፈት ቤቱ በተደጋጋሚ ተናግረናል።

ጥበቃና መንገደኛ አብረው አይሄዱም የሚል ሐሳብ ካለ፣ ከአገራችንም ከውጭም የምናውቀውን እንጥቀስ። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ከጎባ ተነሥቶ አስታውን አልፎ ከ4,000 ሜትር በላይ ያለውን የሳነቴን አምባ የሚያቋርጠው፣ ከዚያም በሪራ በኩል ሐረና ደን ውስጥ ወርዶ ደሎ መና የሚደርሰው መንገድ በፓርኩ መሐል ያልፋል። ሰው፣ ፈረስና መኪና በዚያ ያልፋሉ፤ ቀይ ቀበሮውም በዓለም ላይ በብዛት የቀረው እዚያው ነው። መንገዱ ጉዳት የለውም አላልንም፤ ፍጥነት የሚነዳ መኪና ለአውሬው አደጋ ነው። ነገር ግን እዚያ የሚደረገው ክርክር በምን ፍጥነትና እንዴት ይታለፍ የሚል ነው።

ከአባሎቻችን አንዷ ለትምህርት ሆላንድ በነበረችበት ጊዜ ሆኸ ፌሉዌ የሚባለውን ብሔራዊ ፓርክ በብስክሌት ዞራዋለች። 5,400 ሄክታር ገደማ የሆነ ደንና የአስታ ዘመድ የሆነ ቁጥቋጦ የለበሰ ሜዳ ነው፤ በነሐሴ አካባቢ ሜዳው በሙሉ ሐምራዊ ይሆናል። ጎብኚው የመግቢያውን ከከፈለ በኋላ ከበሩ ላይ ከተደረደሩት 1,800 ያህል ነጭ ብስክሌቶች አንዱን ያለ ተጨማሪ ክፍያ አንሥቶ ይነዳል፤ ሲጨርስ ይመልሳል። ብስክሌቱ ቁልፍ የለውም። መኪናውን ይዞ መግባት የሚፈልግ ግን ለመኪናው ለብቻው ይከፍላል። እኛ ዘንድ ያለውን አሠራር ከዚህ ጋር ስናስተያየው ተገልብጦ እናገኘዋለን።

ለእኛ ግን ከሁሉ የሚቀርበን የመንዝ ጓሳ ነው። መቶ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነው ያ ሜዳ ለአራት መቶ ዓመት ግድም የተጠበቀው ርስተኞቹ ራሳቸው ተሰብስበው ባወጡት ሥርዓት ነበር። ሣሩ ለዓመታት ይዘጋል፤ ማንም ማጭድ አያስገባም፣ ከብትም አያሰማራም፤ የሚከፈትበት ቀን ደግሞ በሽማግሌዎቹ ተነግሮ ሁሉም እኩል ያጭዳል። ያ ሥርዓት በ1967ቱ የመሬት አዋጅ እስኪፈርስ ድረስ ሠርቷል፤ ከዚያም በኋላ በሌላ መልክ በማኅበረሰቡ ተመልሷል። በዚያ መዝጋት አለ፤ ቅጣትም አለ፤ ነገር ግን የሚዘጋበትም የሚከፈትበትም ምክንያት በሰው ሁሉ ዘንድ የታወቀ ነው፤ ሜዳውን የሚጠብቁትም የሚጠቀሙበት ሰዎች ናቸው።

በሕግ በኩል የምናውቀውን ባጭሩ እናስቀምጥ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ በሆነ መንገድ መከናወን እንዳለበት፣ በአንቀጽ 43 ደግሞ ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚነካ ጉዳይ ሐሳባቸው የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 አንድ መሥሪያ ቤት መመሪያ ከማውጣቱ በፊት ረቂቁን አሳውቆ አስተያየት እንዲቀበል፣ ውሳኔውንም ከነምክንያቱ በጽሑፍ እንዲሰጥ ያዝዛል። ተጠሪነታችን ለክልል ስለሆነ አዋጁ አይመለከተንም የሚል መልስ ቢሰጠን እንኳ፣ ሕገ መንግሥቱ ሁላችንንም ስለሚመለከት ክርክሩ እዚያ አያበቃም።

ስለዚህ የምንጠይቀው የሚከተለውን ነው። ከሁሉ በፊት፣ ሌላው ጉዳይ እስኪታይ ድረስ ሳይጠብቅ፣ ከማዶው በር እስከ ከተማው በር ያለው መንገድ ለተማሪዎችና ለጤና ሠራተኞች ከነገ ጀምሮ ይከፈት። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ገጽ ደብዳቤ ብቻ ነው፤ የተማሪዎቹን ስም ዝርዝር ትምህርት ቤቱ ያቀርባል፣ ለእያንዳንዱ ብስክሌት ቁጥር የተጻፈበት ሰሌዳ ማኅበራችን በራሱ ወጪ ይሠራል። የተያዙት ስምንት ብስክሌቶች ደግሞ በዝርዝር ተመዝግበው ለባለቤቶቻቸው ይመለሱ፤ የደረሰባቸው ጉዳት ከባለቤቱ ጋር በጋራ ታይቶ ይጻፍ።

ክልከላው የወጣበት ምክንያት፣ ያወጣው ክፍልና የተመሠረተበት ሕግ በጽሑፍ ይገለጽልን። ምክንያቱ የአፈር መሸርሸር ከሆነ፣ የግብርና ወይም የደን ባለሙያ ባለበት እኛም፣ የጥበቃ ሠራተኞቹም፣ የማዶዎቹ ቀበሌዎች ሽማግሌዎችም ተገኝተን መንገዱን ከታች እስከ ላይ በእግር እንየው፤ የሚዘጋውን ቁልቁለት እዚያው ቆመን እንለይ። በእኛ በኩል ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም መጨረሻ ለስፖርት ላለመንዳት፣ ከኮሶው በላይ ባሉት ሦስት መታጠፊያዎች ላይ ወርደን ለመግፋት፣ ጫፉ ላይ ባለው የጓሳ ሜዳ ከተቀየሰው መንገድ አንድ ክንድ ላለመውጣት፣ ውሻ ይዘን ላለመግባት፣ ይህንንም ያፈረሰ አባል ሲገኝ ራሳችን ለእናንተ አሳልፈን ለመስጠት በጉባኤ ወስነን ፈርመናል፤ ቃለ ጉባኤው ከሦስተኛው ደብዳቤያችን ጋር ተያይዟል። ምክንያቱ የአራዊቱ ረብሻ ከሆነ ደግሞ፣ የሚወጣው ሥርዓት መኪናውን፣ ሞተር ሳይክሉንና የድምፅ ማጉያውን የሚጨምር ይሁን።

የውኃ መቀልበሻዎቹ ከሰኔ ዝናብ በፊት ይጠረጉ። በግንቦት ወር ውስጥ ሁለት ቅዳሜዎች ከተፈቀዱልን ሥራውን ያለ ክፍያ እንሠራዋለን፤ ዶማና አካፋው አለን። ክልከላው ባይነሣም እንኳ ይህንን ፈቃድ እንለምናለን፤ የኮሶው ሥር ሁለተኛ ከተራቆተ የሚተርፍ አይመስለንም።

በመጨረሻም፣ ለዚህ ደብዳቤ የሚሰጠው መልስ ቁጥርና ቀን ያለው ሆኖ፣ ወረቀቱ በተለጠፈበት በዚያው በር ላይ እንዲለጠፍ እንጠይቃለን። እስከ ሚያዝያ መጨረሻ እንጠብቃለን፤ ከዚያ በኋላ አቤቱታችንን ለሕዝብ እንባ ጠባቂ እናቀርባለን።

ከአክብሮት ጋር፣

የብስክሌተኞች ማኅበር ሰብሳቢ፣
በአባላቱና በማዶዎቹ ቀበሌዎች የተማሪ ወላጆች ስም

ግልባጭ፦
ለወረዳው አስተዳደር ጽሕፈት ቤት
ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት
ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት
ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር
ለደኑ የጥበቃ ሠራተኞች